በእድሩ ጎላ ድስት ውስጥ የታሰሩት ስልኮች

ስሙኝማ፣ ይሄን ሳትሰሙ እንዳትሄዱ። አቃቂ ደርሼ መጣሁ። ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ «አዲስ አበባ ምን አየህ?» ይለኛል። ፎቁን፣ ባቡሩን፣ ቀለበት መንገዱን እንድነግረው ነው የሚፈልገው። እኔ ያየሁት ጎላ ድስት ነው። ለሐዘን ወጥ የሚሠራበት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የእድር ጎላ። ውስጡ ደግሞ ወጥ የለም፤ የልጆች ስልክ ነው እስከ አፉ የሞላው። ሳቃችሁ አይደል? እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ነገሩ የመጣው በአክስቴ በኩል ነው። አክስቴ ዘነበች የእናቴ ታናሽ ናት፤ አቃቂ በሰቃ ትኖራለች፤ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። አንድ ቀን ደወለችና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣

«ሃብትሽ፣ ሜሮን እህል እምቢ አለችኝ። ሚኒስትሪዋ ደርሶ ደብተር አትገልጥም። ያንን ኢንተርኔት የሚሉትን ነገር መጥተህ ዝጋልን» አለችኝ። ሜሮን አንድ ልጇ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል።

«አክስቴ፣ እኔ የተሰበረ ስክሪን ነው የምቀይረው። ኢንተርኔት የሚዘጋው መንግሥት ነው» አልኳት።

«አንተ የሞባይል ሐኪም አይደለህ? ሐኪም እኮ የማያውቀውንም ይመረምራል!»

እኔ አስረኛ ላይ ማትሪኩ ጥሎኝ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሐኪም ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ሱቄን ዘግቼ ተነሳሁ።

ረቡዕ

እናቴ ባዶ እጅ አትሸኝም። ያንን በግ የሚያህል የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በማዳበሪያ ጠቅልላ፣ በላዩ ላይ የሸኖ ቅቤ በቆርቆሮ ደርባ አሸከመችኝ። «እማዬ፣ አቃቂ እኮ ሙቀት ነው» ብላት፣ «ብርድ የሌለበት አገር አለ እንዴ?» አለችኝ። እኛ ጋ ጠዋት ቧንቧው ረግቶ በምስማር እየተቆረቆረ ነው ውሃ የሚወጣው፤ ለእናቴ ሙቀት ማለት የሩቅ ሰው ወሬ ነው።

ቅቤው ሰንዳፋ ላይ መቅለጥ ጀመረ። ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «ልጄ፣ ሙሽራ አደረግኸኝ እኮ!» አሉኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ከቦርሳቸው ፌስታል አውጥተው ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን ጠቅልለው አሰሩልኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

ከመገናኛ ባቡር ያዝኩ። እንዴት ነው የሚያዘው፣ በየት በኩል ነው የሚኬደው ብዬ ሰው መጠየቅ ደግሞ ሼም ነው፤ ፋራ ይሉኛል። ስለዚህ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ፊቴን ኮስተር አድርጌ ተሳፈርኩ። ባቡሩ ሄደ ሄደና ቆመ። ሁሉም ወረደ። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ነው። አንዷ ወጣት «ወንድሜ፣ አያት ነው፤ መጨረሻው ነው። ወዴት ነህ?» አለችኝ። «ቃሊቲ» ስላት አፏን ያዘች። ቃሊቲ በተቃራኒው ነው ለካ! ብርድ ልብሴን ተሸክሜ እንደገና ከተማውን አቋርጬ፣ ስታዲየም ላይ ባቡር ቀይሬ፣ ቃሊቲ ስደርስ ላቤ ከቅቤው ጋር ተቀላቅሏል።

ከቃሊቲ «አቃቂ አቃቂ አቃቂ!» በሚለው ሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ በሰቃ። ሲኖትራክ ከፊት፣ ሲኖትራክ ከኋላ፣ አቧራ መሃል። እኛ ጋ መንገዱን በግ ነው የሚዘጋው፤ ቢያንስ በግ ጡሩምባ አይነፋም።

የአክስቴ ባል ጋሽ ተሾመ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከብረታ ብረት ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ቤታቸው ውስጥም የሚናገሩት ጉባኤ ፊት እንደቆሙ ነው። አክስቴ ቅቤውን ስታይ እልል አለችና ወዲያው «ወይኔ፣ ረቡዕ!» ብላ ወሸቀችው። ጾም ነዋ። ምስር ወጥ በላን። ሜሮን ወጥታ ጉንጬን ስማኝ፣ ሁለቴ ጎርሳ፣ ተነስታ ገባች። ባለፈው ስታየኝ ጀርባዬ ላይ ካልወጣሁ ያለች ልጅ!

«እንግዲህ ሃብታሙ፣» አሉ ጋሽ ተሾመ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ችግሩን እድሩ በሚገባ መርምሮታል። ጉባኤ ጠራን፤ ባንድ ድምፅ ወሰንን። ያባላት ልጆች ስልክ በሙሉ ተሰብስቦ እድር ቤት ገብቷል።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ! ልጁ በኢንተርኔት ነውር ሠርቶ ከተገኘ ደግሞ በጡሩምባ ይለፈፋል። አባትየው እሁድ ጉባኤ ፊት ይቆማል።»

«ታዲያ ተዘጋ እኮ ጋሼ፤ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስልኩ ከሄደ ወዲህ ነው የባሰባት» አለችኝ።

ለመኝታ ያንኑ ያመጣሁትን ብርድ ልብስ አለበሱኝ። ያገሬ ስለሆነ ደስ እንዲለኝ ብለው ነው። እንደ ድንች ተቀቀልኩ። ስገልጠው ትንኝ፣ ስለብሰው ምድጃ። ጠዋት አክስቴ «ሞቀህ?» ስትለኝ «በጣም» አልኳት፤ አልዋሸሁም።

ሐሙስ

ጋሽ ተሾመ እድር ቤቱን ካላሳየሁህ አሉኝ። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያሳዩት። በሩ ላይ ጋሽ ድሪባ ተቀምጠዋል፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊም፣ የዕቃ ቤቱ ጠባቂም እሳቸው ናቸው። አባታቸው ጤፍ ሲዘሩበት የነበረው መሬት ላይ አሁን መጋዘን ቆሟል፤ «እርሻችንን እየጠበቅኩ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ።

ውስጥ ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ እስከ ጣራ ተደራርቦ፣ ሳህኑ፣ ባልዲው። ጋሽ ተሾመ የትልቁን ጎላ ክዳን እንደ ታቦት መጋረጃ ቀስ ብለው ገለጡት። ስልክ! እያንዳንዱ በክር ታስሮ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ስቲከር የተለጠፈበት።

«ጋሼ፣ ለምን ድስት ውስጥ?»

«ክዳን ያለው እሱ ብቻ ነዋ!»

በዚህ መሃል ከጎላው ሆድ ውስጥ ሙዚቃ ተነሳ። እኔ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ጋሽ ድሪባ ግን አልደነቁም። «ያ ዋቅ!» አሉ አምላካቸውን ጠርተው። «ይሄኛው በየቀኑ ይጮኻል። ባትሪው እንደኔ ነው፣ አልሞት ብሏል። እኔ ለሰው ስነፋ ኖሬ አሁን ደግሞ ለኔ ይነፋብኛል።»

«ሰው ሲሞትባችሁ ወጡን በምን ልትሠሩ ነው?» አልኩ።

ጋሽ ተሾመ አሰቡበት። «እስካሁን አልሞተም» አሉ።

ምሳ ሰዓት አክስቴ ለሌሊቱ ፈረቃ ተኝታ ስለነበረች ሳምቡሳ ልበላ ወደ ታክሲ ማዞሪያው ወጣሁ። አንዲት ቻርጅ የሚደረግባት ሱቅ ፊት የተማሪ ዩኒፎርም ተኮልኩሏል። ምንድነው ብዬ ሳይ፣ ስልክ ይከራያል! ከመጋረጃ ጀርባ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ የራሳቸውን አካውንት ከፍተው ቻት ያደርጋሉ። ባለሱቁ ከኋላቸው ቆሞ ስክሪናቸውን ያያል። አያችሁ? አባቶች ስልኩን ድስት ውስጥ አስረው ተኝተዋል፤ ልጆቹ የማንም ሱቅ ውስጥ፣ የማንም ዓይን ስር ናቸው። ቤታቸው ቢሆን ቢያንስ እናት ሽንኩርት እየከተፈች ታልፍ ነበር። እንዲያው ደሜ ፈላ።

መጋረጃው ተገለጠና ሜሮን ወጣች። ስታየኝ ፊቷ አመድ ሆነ። ወደ ቤት በሩጫ ስትሄድ ተከተልኳት። ሳምቡሳ ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም። ምን ልበል? ዝም ብዬ የባቡሩን ነገር ነገርኳት።

«አያት?» አለች ቆም ብላ። «ብርድ ልብስ ተሸክመህ?»

«ቅቤም ጭምር።»

ሳቀች። «አንተ ፋራ! ለምን ሰው አልጠየቅክም?»

«ሼም ነዋ።»

ሳቋ ድንገት ተቋረጠ። ሳምቡሳውን ከእጄ ወሰደችና ሳትበላው ይዛው ቆመች። «ለአባዬ ትነግረዋለህ?»

«ምኑን? ሳምቡሳ መብላትሽን?»

«…ነገ እነግርሃለሁ።»

አሁኑኑ ተናገሪ ማለት ምላሴ ላይ ነበር። ነከስኩት። እኔን ለምታውቁኝ ይሄ ተአምር ነው።

ዓርብ

ጋሽ ተሾመ የድንኳን ቀዳዳ ሊያሰፉ ሄደዋል። አክስቴ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ተኝታለች። ሜሮን ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

ሊዲያ የምትባል ልጅ ቻት ላይ ጓደኛ ሆነቻት። የሌላ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ነኝ አለቻት። የፈተና ጥያቄ ተላላኩ፣ ቀልድ ተላላኩ። አንድ ቀን ሜሮን የአባቷን የጉባኤ ንግግር አስመስላ በድምፅ ቀድታ ላከችላት። ሊዲያ ስቃ «ሌላ ጨምሪ» አለች። ሜሮን ጨመረች። ከዚያ አንድ ቀን ከሊዲያ የድምፅ መልእክት መጣ። ትልቅ የወንድ ድምፅ ነው።

«ቅዳሜ ቃሊቲ መናኸሪያ ብቻሽን ነይ ይላል። ካልመጣሽ ድምፁን ለአባትሽ እልካለሁ፣ ለእድሩም አዳርሳለሁ ይላል።»

«ቅዳሜ? ነገ?»

በጭንቅላቷ አዎ አለች።

«ልትሄጂ ነበር?»

«አባዬ በገዛ ጉባኤው ፊት ከሚቆም…» አለችና አልጨረሰችውም።

ተነሳሁ። በር ጀርባ ያለውን የብረት ዘንግ አነሳሁ። ቃሊቲ ሄጄ ያንን ሰውዬ እንደማደርገው አደርገዋለሁ ብዬ ስጮህ አክስቴ ነቃች። ሜሮን እያለቀሰች ለእሷም ነገረቻት። አክስቴ ልጇን እቅፏ ውስጥ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ መገናኛ ላይ ባቡር የጠፋብህ፣ ቃሊቲ ሄደህ ማንን ልታገኝ ነው? ዘንጉን አስቀምጥና ተሾመን ጥራው።»

ሜሮን እምቢ አለች። እኔ አልናገርልሽም፤ አንቺ ትናገሪያለሽ፤ እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ አልኳት። ጋሽ ተሾመ መጡ። በኔ ስልክ አካውንቷን ከፈተችና፣ ቃል ሳትናገር፣ ድምፁን ከፈተችው።

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት!» አለ ስልኩ፣ ቁርጥ እሳቸውን። «ድንኳናችን ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውንም አጥብቄ አወግዛለሁ! ወንበር ወስዶ ያልመለሰ አባል፣ ሲሞት ቆሞ ይቀበራል!»

ጋሽ ተሾመ ፊታቸው አልተነቃነቀም። መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው አክስቴ ናት፤ ሳቋን በነጠላዋ ልታፍን ብትል ትከሻዋ ከዳት።

«ዘነበች፣ እኔ እንዲህ ነው የማወራው?»

«ኧረ እሷ አሳምራልሃለች!»

እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀሪውን፣ ማስፈራሪያውን፣ ቀጠሮውን ሰሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «ለዚህ ነው? በዚች በምታስቅ ነገር ነው ወደማታውቂው ሰውዬ ልትሄጂ የነበረው? እኔ እኮ እዚሁ፣ ከግድግዳው ወዲህ ነኝ።»

«አባዬ፣ ታስነፋብኛለህ ብዬ ነው» አለች።

ያኔ አንገታቸውን ደፉ። ጉሮሯቸውንም አልጠረጉም።

ከሰዓት ትምህርት ቤቷ ሄድን። ኃላፊው ሰምተውን ሲያበቁ «በትምህርት ቤታችን ስልክ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ይህ ችግር እኛን አይመለከትም» አሉን። ማዞሪያው ላይ ያ ሁሉ ዩኒፎርም ቻርጅ ቤት ተሰልፎ! አፌን ስከፍት ጋሽ ተሾመ ክንዴን ያዙኝ። ፖሊስ ጣቢያ ግን አንዲት ሴት ፖሊስ ወንበር ስባ ሜሮንን ጎኗ አስቀመጠቻት። «ጎበዝ፣ እንኳን ተናገርሽ። አንዱንም እንዳትመልሱለት፣ አንዱንም እንዳታጠፉ። መልእክቱ መጀመሪያ የገባበትን ስልክ አምጡልኝ» አለች።

መልእክቱ መጀመሪያ የገባበት ስልክ ያለው ደግሞ ጎላ ውስጥ ነው።

ማታ ሜሮን ከትሪው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ተሾመ ሽሮውን ጠቅልለው ጉርሻ ዘረጉላት። አንድ፣ ደግሞ ሌላ። በላች።

ቅዳሜ

በጠዋት እድር ቤት ሄድን። ጋሽ ድሪባ ቁልፉን ጨብጠው ቆሙ።

«ክፈት ድሪባ፤ የሜሮንን ስልክ ልወስድ ነው።»

«ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም።»

«ሰው ካልሞተ በቀር ያለ ጉባኤ ከጎላው ስልክ እንዳይወጣ የሚለውን ደንብ ያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጌታዬ ዳኛ!» ዓይናቸው ይስቃል፤ ግን ቁልፉን አልሰጡም።

ጋሽ ተሾመ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሞት እንዳይመጣብኝ ነው፣ ወንድሜ።»

ጋሽ ድሪባ ሌላ አልጠየቁም። ከፈቱ። ጎላው ውስጥ እጃቸውን ሰደው፣ ስቲከር የተለጠፈበትን ሮዝ ስልክ አውጥተው፣ በጋቢያቸው ጠርገው ለሜሮን ሰጧት። ለአባቷ አይደለም፤ ለእሷ።

ስልኩን ቻርጅ አድርገን፣ ወደ ጣቢያው ከመሄዳችን በፊት ቤት ተቀምጠን ሳለ ቀጠሮው ደረሰ። አራታችንም አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረናል። «የት ነሽ?» አለ። ትንሽ ቆይቶ «እየጠበቅኩሽ ነው።» ከዚያ «ትቆጪያለሽ።» በየመልእክቱ ሜሮን ትከሻዋ ይዘላል። ጋሽ ተሾመ እጇን ይዘው፣

«አንዴ ብቻ ልመልስለት» አሉ። «አጥብቄ አወግዝሃለሁ ልበለው።»

ሜሮን ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሰውየው አንድ ሁለቴ ደጋግሞ ዝም አለ። ስልኩን ለፖሊሷ ሰጠናት፤ መልእክቶቹን አይታ፣ መዝግባ፣ ወደ ላይ እንደሚላክ ነግራ ስልኩን መለሰችልን። ከዚያ ብሎክ አደረግነው። የማውቃት ሕክምና እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ሜሮን ቀድማኝ ታውቃታለች።

እሁድ

ጉባኤው እድር ቤት ግቢ ነው። ጋሽ ተሾመ ከዳኛው ወንበር ተነስተው ከፊት ለፊት፣ ተከሳሽ የሚቆምበት ቦታ ሄደው ቆሙ። ሰው አጉረመረመ።

«ደንቡ ያዛል፤ ቆሜያለሁ» አሉ። ሜሮንን አስፈቅደው ነበርና ድምፁን በስልክ አሰሙ። ቆሞ ይቀበራል የሚለው ጋ ሲደርስ ግቢው በሳቅ ተናጋ፤ ጋሽ ድሪባ ጡሩምባቸው ላይ ተደገፉ። ሳቁ ሲበርድ ቀጠሮውን ነገሯቸው። ያኔ ማንም አልሳቀም።

«ልጄ ከኔ ይልቅ የማታውቀውን ሰው የመረጠችው በዚህ ደንብ ነው» አሉ። «ስልኩ ይመለስ። ጡሩምባው ይቅር። ልጅ ክፉ ሲገጥመው መጥቶ ይንገረን፤ ለነገረን ልጅ ቅጣት አይኑርበት።»

ይወስናሉ ብዬ ጠበቅኩ። አንዱ ተነስቶ «ልጅቷ ፈርታለች ማለት ደንቡ ሠርቷል ማለት ነው!» አለ። ሌላው «ለነገረ ቅጣት ከሌለማ ሁሉም ይነግረናል፤ መቼ ልንሰማ ነው?» አለ። አንዲት እናት «እኔ የልጄን እሰማለሁ፤ ስልኩን ስጡኝ» ብላ ጮኸች። ተጨቃጨቁ፣ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ እጅ አወጡ። ምን ተወሰነ ትሉኛላችሁ? ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አጥንቶ እስኪያቀርብ ስልኮቹ ባሉበት ይቆዩ ተባለ። ጋሽ ድሪባ የጎላውን ክዳን መልሰው ገጠሙት። ከውስጥ ያ የማይሞተው ስልክ ጮኸ።

ሰኞ

አክስቴ ከፈረቃዋ በቀጥታ መጥታ ሸኘችኝ። ጋሽ ድሪባ የሽንብራ ቆሎ ቋጥረው ሰጡኝ። ጋሽ ተሾመ «ዶክተር» ብለው ጨበጡኝ፤ እኔ እንኳ አፈርኩ። ሜሮን ቃሊቲ ድረስ መጥታ ባቡሩ በር ላይ አስገባችኝና ለተሳፋሪው ሁሉ እየተሰማ «ስታዲየም ላይ ውረድ! አያት እንዳትሄድ!» አለችኝ። ደብረ ብርሃን ስገባ ብርዱ በጥፊ አጮለኝ። እናቴ «ብርድ ልብሱ ሞቃቸው?» አለችኝ። በጣም አልኳት።

አሁን እናንተ የእድር ዳኞች፣ እናንተ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ እናንተ የኮሚቴ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ሲሞት ጡሩምባው ሳያባራ ድንኳኑ ቆሞ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ያልቃል፤ እሱን እኔም አደንቃለሁ። ያ ሁሉ ወንበር እስከ ጣራ ተደራርቦ አይቼዋለሁ። ታዲያ በቁሟ ያለች ልጅ «አስፈራሩኝ» ብላ ስትመጣ የምትቀመጥበትን አንዲት ወንበር ከየትኛው ድስት ስር ነው የደበቃችሁት?